ልጆች ከዝናብ ደን ምን ይማሩ?

የዛሬው ዝግጅታችን በተለይ የአንደኛ ደረጃ መምህራንንና ወላጆችን ይመለከታል። በእንግሊዝ አገር ከ2014 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሥርዓተ ትምህርት ከ7 እስከ 11 ዓመት ያሉ ልጆች ስለ አየር ንብረት ቀጣናዎች፣ ስለ ዕፅዋት ሽፋን፣ ስለ ውሃ ዑደትና ከሰሜን ወይም ከደቡብ አሜሪካ ስለ አንድ አካባቢ እንዲማሩ ያዛል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ይህን ሁሉ በአንድ ላይ ለመሸፈን አማዞንን ይመርጡና ወሰነ ትምህርቱን በሙሉ ለዝናብ ደን ይሰጡታል። ንባቡ፣ ሒሳቡ፣ ሳይንሱና ሥዕሉ በዚያ ርእስ ዙሪያ ይሆናል። እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸው የካርቶን በቀቀንና የወረቀት ሐረግ ይዘው ሲመጡ ያያሉ። በአገራችንም የታችኛው ክፍል ልጆች በአካባቢ ሳይንስ ስለ ዕፅዋት፣ ስለ እንስሳትና ስለ አፈር ይማራሉ፤ ከዚያም በላይ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የራሳችን የዝናብ ደን አለን። ስለዚህ ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በዝግጅቱ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ጥያቄው ይህ ነው፤ ወሰነ ትምህርቱ አልቆ ሥዕሎቹ ከግድግዳው ሲነሱ፣ ልጁ ጋ ምን ሊቀር ይገባል? ብዙውን ጊዜ የሚቀረው የስም ዝርዝር ነው። ልጁ ጃጓርን ያውቃል፣ ቀለመ ብዙውን በቀቀን ያውቃል፣ የደኑን አራት እርከኖች በቅደም ተከተል ይጠራል፣ ደን መጨፍጨፍ መጥፎ መሆኑንም ይናገራል። ይህ ሁሉ ለመነሻ ጥሩ ነው፤ ስም የሌለውን ነገር ማሰብም መጠየቅም ይከብዳል። ነገር ግን በዚያ ላይ የሚቆም ትምህርት ልጁን ደጃፍ አድርሶ እንደ መመለስ ነው። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ልጅ ከዝናብ ደን ሊማር የሚገባው ዋናው ነገር ሕይወት ያለው ሁሉ በምን ላይ ተደግፎ እንደሚኖር መከታተልን ነው። «ይህ ባይኖር ያኛው ምን ይሆናል?» ብሎ መጠየቅንና መልሱን በማስረጃ መፈለግን ከለመደ፣ የእንስሳቱን ስም ግማሹን ቢረሳ እንኳ ትልቅ ዕውቀት ይዞ ወጥቷል።

በየመጽሐፉ ከሚገኘው እንነሳ። የዝናብ ደን አራት እርከን አለው፤ ከሁሉም በላይ ብቅ ያሉ፣ አንዳንዶቹ ከ50 ሜትር የሚበልጡ ዛፎች፣ ከእነሱ ዝቅ ብሎ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ የተጋጠመው የደኑ ጣሪያ፣ ከጣሪያው ሥር ያሉ ትንንሽ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች፣ በመጨረሻም ወለሉ። ልጁ ይህን በቀለም ለይቶ ከሣለ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። መምህሯ «ለምን እንዲህ ተደራረበ?» ብላ ስትጠይቅ ግን ትምህርቱ ገና ይጀመራል። ምክንያቱ ብርሃን ነው። ከላይ ከሚያርፈው የፀሐይ ብርሃን ወለሉ የሚደርሰው 2 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ይህን አንድ ነገር የያዘ ልጅ ሌላውን ራሱ ይደርስበታል፤ በጥላ ውስጥ የሚበቅሉ ተክሎች ለምን ሰፋፊ ቅጠል እንዳወጡ፣ ሐረግ ወፍራም ግንድ በማቆም ፈንታ ለምን የሌላውን ግንድ ተጠማዞ እንደሚወጣ፣ እንስሳቱ በብዛት ለምን ፍሬና አበባ ባለበት ከላይ እንደሚኖሩ ይገባዋል። አንድ ትልቅ ዛፍ በነፋስ ቢወድቅ ምን እንደሚከተልም መገመት ይችላል፤ ብርሃን ባገኘው ክፍት ቦታ ላይ ለዓመታት ቀጭጨው የቆዩ ችግኞች እየተሽቀዳደሙ ያድጋሉ። አራቱን ስሞች የሸመደደ ልጅ ይህን ግምት ሊሰጥ አይችልም፤ ምክንያቱን የያዘ ግን ይሰጣል።

ትስስሩ ጎልቶ የሚታየው በአንድ ዛፍ ታሪክ ውስጥ ነው፤ የብራዚል ለውዝ የሚያፈራውን ዛፍ እንውሰድ። ይህ ዛፍ በአማዞን ደን እስከ 50 ሜትር ከፍታ ያድጋል፤ ለመቶዎች ዓመታትም ይኖራል። አበባው በተጠቀለለ ክዳን የተሸፈነ ነው፤ ክዳኑን ገፍተው መግባት የሚችሉት ጠንካራ የሆኑ ትልልቅ ንቦች ብቻ ናቸው። እነዚህ ንቦች ካልመጡ ርክበ ብናኝ የለም፣ ፍሬም የለም። ዛፉ የሚያብበው በዓመት ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ ስለሆነ ንቦቹ በቀሩት ወራት የሚቀስሙት ሌላ አበባ በአካባቢው ያስፈልጋቸዋል። ፍሬው ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ይበስላል፤ እስከ 2 ኪሎ ሊመዝን የሚችል፣ እንደ እንጨት የጠነከረ ድቡልቡል ሆኖ ይወድቃል። ከወደቀ በኋላ በራሱ አይከፈትም። አጉቲ የምትባል፣ ጥንቸል የምታህል፣ ጥርሷ ስለታም የሆነ እንስሳ ትመጣና ቅርፊቱን ቦርቡራ ዘሮቹን ታወጣለች። ከፊሉን በልታ ከፊሉን ለክፉ ቀን ብላ ዘወር ዘወር አድርጋ ትቀብራለች። ረስታው የቀረው ዘር ይበቅላል። ንብ፣ አበባ፣ አጉቲና ዛፍ በአንድ መስመር ተያያዙ ማለት ነው። ዛሬም ገበያ ላይ የሚገኘው የብራዚል ለውዝ በአብዛኛው ከተፈጥሮ ደን ይለቀማል፤ ደኑን መንጥሮ ዛፉን ለብቻው በእርሻ መልክ የማልማቱ ሙከራ እምብዛም አልያዘም። ይህን ታሪክ የሰማውን የአራተኛ ክፍል ልጅ «ዛፉን ብቻ ብንጠብቀውስ?» ብትሉት መልሱን አያጣውም።

ሁለተኛው ትምህርት ከእግር ሥር ነው። ልጆች ደኑ ይህን ያህል ከለመለመ አፈሩ እጅግ ለም መሆን አለበት ብለው ያስባሉ፤ አዋቂዎችም እንዲሁ ያስባሉ። እውነታው ግን የአብዛኛው የአማዞን አፈር ደካማ መሆኑ ነው። የማያቋርጠው ዝናብ ንጥረ ነገሩን እያጠበ ይወስደዋል። የደኑ ሀብት ያለው በአፈሩ ውስጥ ሳይሆን በዛፎቹና በቅጠሎቹ ውስጥ ነው፤ የወደቀውን ቅጠል ምስጥ፣ ሻጋታና ረቂቅ ተሕዋስያን በፍጥነት ያበሰብሱታል፣ ከላይ ከላይ የተንሰራፋው ሥር ወዲያው ይመጠዋል። ደኑ ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ነው። በዚህም ምክንያት ዛፉ ተመንጥሮ ሲቃጠል አመዱ ለጥቂት ዓመታት ምርት ይሰጥና አፈሩ ይደክማል። በዚህ ላይ ልጆችን የሚያስደንቅ ማስረጃ አለ። በ2015 ይፋ የሆነ የሳተላይት ጥናት እንዳሳየው በየዓመቱ በአማካይ 28 ሚሊዮን ቶን ገደማ የሰሃራ አቧራ ውቅያኖስ ተሻግሮ በአማዞን ላይ ያርፋል፤ በአቧራው ውስጥም 22 ሺህ ቶን ያህል ፎስፈረስ የተባለ የዕፅዋት ንጥረ ነገር አለ። ይህም ዝናብና ጎርፍ በየዓመቱ አጥበው ከሚወስዱት ጋር የሚቀራረብ መጠን ነው። ከአቧራው ከፊሉ የሚነሳው በቻድ ከሚገኘው ቦዴሌ ከተባለ የደረቀ የጥንት ሐይቅ ወለል ነው። ምንም የማይበቅልበት የአፍሪካ በረሃ የዓለምን ትልቁን የዝናብ ደን ይመግባል። ይህን በካርታ ላይ በጣቱ የተከተለ ልጅ ጂኦግራፊ የአገሮች ስም ብቻ አለመሆኑን ይረዳል።

ሦስተኛው ስለ ዝናቡ ነው። ዝናብ ደኑን እንደሚያበቅል ማንም ልጅ ያውቃል፤ ደኑ ዝናብን እንደሚሠራ ግን ጥቂቶች ያውቃሉ። ብራዚላዊው ሳይንቲስት ኤኔያስ ሳላቲና ባልደረቦቹ በ1970ዎቹ መጨረሻ የዝናቡን ውሃ በረቂቅ ዘዴ መርምረው፣ በአማዞን ከሚዘንበው ግማሽ ያህሉ ደኑ ራሱ መልሶ ወደ አየር የሚለቀው እርጥበት መሆኑን አሳዩ። አንድ ትልቅ ዛፍ በቀን ብዙ መቶ ሊትር ውሃ በቅጠሉ ያስተንናል። ይህ እርጥበት በነፋስ ተገፍቶ ወደ ምዕራብ ይሄዳል፣ በአንዲስ ተራሮች ተገትቶ ወደ ደቡብ ይታጠፋል፣ ከደኑ ውጪ ላሉ እርሻዎችና ከተሞችም ዝናብ ይሆናል። ይህን የእርጥበት ጉዞ የብራዚል ተመራማሪዎች በራሪ ወንዞች ይሉታል። ቅጠል ውሃ እንደሚያስተንን ልጆች በዓይናቸው እንዲያዩ የሚያስችል ሙከራ በማንኛውም ትምህርት ቤት ግቢ ማድረግ ይቻላል። ፀሐይ በወጣበት ጠዋት ብርሃን የሚያሳልፍ ፌስታል ቅጠል በበዛበት ቅርንጫፍ ላይ አጥልቆ አፉን በገመድ ጥብቅ አድርጎ ማሰር፣ ሌላ ባዶ ፌስታል ደግሞ አፉን አስሮ ከጎኑ ማንጠልጠል ነው። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ በመጀመሪያው ውስጥ ጉም ይያዛል፣ ጠብታ ይሆናል፣ ጥግ ላይ ውሃ ይጠራቀማል፤ ባዶው ደረቅ ነው። ልጆቹ ውሃውን በመርፌ መስጫ ሲሪንጅ ይለኩት። ቅርንጫፉ 15 ሚሊ ሊትር ሰጥቶ ዛፉ እንዲህ ያሉ 200 ቅርንጫፎች ቢኖሩት ስንት ሊትር ይሆናል ብለው ያስሉ። 3 ሊትር ይሆናል። ይህ ስሌት ግምት መሆኑን፣ ፌስታሉ ውስጥ ያለው ሙቀት ውጤቱን ሊያዛባ እንደሚችልም ይወያዩበት። ማባዛት፣ መለኪያ፣ ማነጻጸሪያና ጥንቃቄ ያለበት አስተሳሰብ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ተገናኙ።

እዚህ ላይ ብዙ መምህራን የሚያነሱት ተገቢ ተቃውሞ አለ። ሁሉን ነገር በአንድ ርእስ መጠቅለል እያንዳንዱን የትምህርት ዓይነት ያሳሳዋል ይላሉ፤ ሒሳብ የራሱ ደረጃ በደረጃ የሚያድግ አካሄድ አለው፣ ንባብም ፊደልን፣ ቃልንና ዓረፍተ ነገርን በሥርዓት ይጠይቃል፣ ጊዜውን ጦጣ በመሣል ማሳለፍ ኪሳራ ነው ይላሉ። በዚህ ተቃውሞ ውስጥ እውነት አለ። ከመደመር ጥያቄ አጠገብ የበቀቀን ሥዕል መለጠፍ ሒሳቡን የደን ትምህርት አያደርገውም፣ የደኑንም ትምህርት ሒሳብ አያደርገውም። ሦስት ክፍለ ጊዜ ሙሉ ወረቀት ሲቆርጡና ሲለጥፉ መዋልም ለእጅ ቅልጥፍና ካልሆነ በስተቀር ብዙ አያስተምርም። ስለዚህ መለኪያ ያስፈልጋል። መለኪያው ይህ ይሁን፤ የደኑ ጥያቄ ያለዚያ ትምህርት ሊመለስ ይችላል ወይ? ቅርንጫፉ ስንት ውሃ እንደሰጠ ለማወቅ ሒሳብ የግድ ነው። አቧራው ከየት ወዴት እንደሄደ ለመናገር ካርታ የግድ ነው። አጉቲ ዘሩን ለምን እንደቀበረች ለሌላ ልጅ ለማስረዳት «ስለዚህ»ን፣ «ምክንያቱም»ን፣ «ባይሆን ኖሮ»ን በትክክል የሚጠቀም ጽሑፍ የግድ ነው። ትምህርቱ የግድ በሚሆንበት ቦታ ይግባ፤ በማይሆንበት ቦታ ሒሳቡ በራሱ መንገድ ይሂድ። እንዲህ ከተደረገ ርእሱ የትምህርት ዓይነቶቹን አያሳሳም፤ ልጁ የሚማረው ሁሉ ለምን እንደሚጠቅመው ያሳየዋል እንጂ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከወላጆች ይመጣል። ስለ ዝናብ ደን ማስተማር ማለት ስለ ጭፍጨፋ፣ ስለ እሳትና ስለሚጠፉ እንስሳት ማውራት ነው፣ ይህ ደግሞ ሕፃናትን ያስፈራል፣ ምንም ሊያደርጉበት የማይችሉትን ሸክም ያሸክማቸዋል ይላሉ። ይህን ስጋት አሜሪካዊው የትምህርት ባለሙያ ዴቪድ ሶቤል በ1996 ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው ተከራክሮበታል። ልጆች በቅርባቸው ካለው ተፈጥሮ ጋር ሳይወዳጁ የዓለምን ጥፋት ከሰሙ ተፈጥሮን መሸሽ ይለምዳሉ፣ ስለዚህ አራተኛ ክፍል ሳይደርሱ አሳዛኙን ታሪክ አትጫኑባቸው የሚል ነው ሐሳቡ። እኔም በዚህ እስማማለሁ። የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጅ ንቡንና አጉቲን ይወቅ፣ ፌስታሉን ይሰር፣ ቅጠሉን ያሽትት፤ ይበቃዋል። ነገር ግን ከፍ ላሉት ልጆች እውነቱን መደበቅ መፍትሔ አይሆንም፤ በቴሌቪዥንም በስልክም ይደርስባቸዋልና። ለእነሱ እውነቱን በሙሉ መስጠት ያስፈልጋል፤ ሙሉው እውነት ደግሞ ከዜናው ርእስ የበለጠ ተስፋ አለው።

የብራዚል ብሔራዊ የጠፈር ምርምር ተቋም ከ1988 ጀምሮ በአማዞን በየዓመቱ የተመነጠረውን ደን በሳተላይት እየለካ ይፋ ያደርጋል። በ2004 የተመነጠረው 27 ሺህ 800 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በ2012 ወደ 4 ሺህ 600 ገደማ ወረደ። በ2021 እንደገና ወደ 13 ሺህ አሻቀበ። በ2024 ደግሞ ወደ 6 ሺህ 300 ገደማ ዝቅ አለ። የስድስተኛ ክፍል ልጆች እነዚህን አራት ቁጥሮች በካሬ ወረቀት ላይ በነጥብ ያስቀምጧቸውና በመስመር ያገናኟቸው። መስመሩ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ እንደገና ይወርዳል። ያኔ «በ2004ና በ2012 መካከል ምን ተደረገ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ፈጣን የሳተላይት ክትትል ተጀመረ፣ ሕገወጥ ምንጠራን የሚቆጣጠሩ ኃይሎች ተሰማሩ፣ ሰፋፊ ጥብቅ ቦታዎች ተከለሉ፣ አኩሪ አተር የሚገዙ ትልልቅ ነጋዴዎችም ከ2006 ጀምሮ አዲስ ከተመነጠረ የአማዞን መሬት የመጣን ምርት ላለመግዛት ተስማሙ። ቁጥሩ ያለ ምክንያት አልወረደም፤ በኋላም ያለ ምክንያት አልወጣም። ልጁ ከዚህ የሚማረው ሰዎች የሚወስኑት ውሳኔ በመሬት ላይ እንደሚታይ ነው። ይህ ሐሰተኛ ማጽናኛ አይደለም፣ ተስፋ ማስቆረጥም አይደለም፤ የሚለካ እውነት ነው።

ልጆች ከሚያውቁት ነገር ተነስተው ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ የሚያሳይ የታወቀ ታሪክም አለ። በ1987 በስዊድን ገጠር፣ ፋገርቪክ በሚባል ቦታ በሚገኝ ትንሽ ትምህርት ቤት፣ ኤሃ ከርን የተባለች መምህርት የክፍሏን ልጆች ስለ ዝናብ ደን ታስተምር ነበር። ልጆቹ ደኑና እንስሳቱ አደጋ ላይ መሆናቸውን ሲረዱ አንዱ ተማሪ እኛስ ምን ማድረግ እንችላለን የሚል ጥያቄ አነሳ። በኮስታ ሪካ ሞንተቬርዴ ይሠሩ በነበሩ የሥነ ሕይወት ባለሙያዎች በኩል መሬት ገዝቶ ደኑን መጠበቅ እንደሚቻል አወቁ፤ ገንዘብም ማሰባሰብ ጀመሩ። ሐሳቡ ከ40 በላይ ወደሆኑ አገሮች ልጆች ተዛመተ። ዛሬ በሞንተቬርዴ የሚገኘውና በስፓኒሽ የልጆች ዘላለማዊ ደን ተብሎ የተሰየመው ጥብቅ ደን ከ22 ሺህ ሄክታር በላይ ነው፤ በባለቤትነት የሚያስተዳድረውም የአካባቢው የጥበቃ ማኅበር ነው። ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ትምህርት ሁሉም ክፍል ገንዘብ ይሰብስብ የሚል አይደለም። የሚደንቀው ቅደም ተከተሉ ነው፤ ዕውቀት ቀደመ፣ ጥያቄ ተከተለ፣ ተግባር መጨረሻ ላይ መጣ። ጥያቄውንም ያነሳው ልጅ ነበር። መምህሯ ከመጀመሪያው ቀን «ደኑን እናድን» የሚል መፈክር ይዛ ብትገባ ኖሮ ያ ጥያቄ ቦታ አያገኝም ነበር።

አንዳንዶች ደግሞ ይህ ሁሉ ለትንሽ ልጅ ይከብዳል፣ ቀለል ያለውን ብንነግራቸው ይሻላል ይላሉ። ማቅለል ተገቢ ነው፤ ሐሰት ማስተማር ግን ማቅለል አይደለም። አማዞን የምንተነፍሰውን ኦክስጅን 20 በመቶ ይሰጠናል የሚለው አባባል በብዙ ክፍሎች ይነገራል። ዛፎች ኦክስጅን እንደሚለቁ እውነት ነው፤ ነገር ግን ዛፎቹ ራሳቸው ሲተነፍሱ፣ የወደቀውም ቅጠልና ግንድ ሲበሰብስ፣ የተለቀቀው ኦክስጅን ከሞላ ጎደል ተመልሶ እዚያው ይበላል። ደኑ የሚያስፈልገን በግንዱና በአፈሩ ስለያዘው ካርቦን፣ ስለሚያዘንበው ዝናብና በውስጡ ስለሚኖሩት ፍጥረታት ነው፤ የዝናብ ደኖች ከምድር የየብስ ስፋት 6 በመቶ ያህሉን ብቻ ይዘው በየብስ ከሚኖሩት የሕይወት ዓይነቶች ግማሽ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ እንደያዙ ይገመታልና። ደኑ ባዶ ነው ብሎ ማስተማርም ሌላው ስሕተት ነው። በአማዞን በመቶዎች የሚቆጠሩ ነባር ሕዝቦች ይኖራሉ፤ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት አባቶቻቸው ከሰል፣ የምግብ ትራፊና አጥንት ከደካማው አፈር ጋር እየቀላቀሉ ዛሬም ድረስ ለም የሆነ ጥቁር አፈር ሠርተው አልፈዋል። በብራዚል የሳተላይት ምስሎች ላይም የነባር ሕዝቦች ይዞታ በዙሪያው ካለው መሬት ይልቅ ደኑ የተጠበቀበት ሆኖ ይታያል። ሰው የትስስሩ አካል መሆኑን ያልተማረ ልጅ ሰውን ሁሉ የደን ጠላት አድርጎ ያድጋል።

ወደ አገራችን ስንመጣ የሚነሳው ተቃውሞ ርቀት ነው። የኢትዮጵያ ልጅ ስለ ጃጓር ከሚማር ስለ ራሱ አካባቢ ቢማር አይሻልም ወይ ይባላል። ይሻላል፤ ለዚህም የሚያበቃ የራሳችን ደን አለን። በካፋ፣ በሸካ፣ በኢሉባቦርና በማጃንግ የሚገኘው ደን በዓመት ብዙ ወራት ዝናብ የሚያገኝ ደጋማ የዝናብ ደን ነው። ካፋና በኢሉባቦር የሚገኘው ያዩ በ2010፣ ሸካ በ2012፣ ማጃንግ በ2017 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆነው ተመዝግበዋል። እርከኖቹን ለማስተማር አማዞን ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ከላይ ቀረሮ ብቅ ብሎ ይታያል፣ ሌሎች ዛፎች ጣሪያውን ይሠራሉ፣ ከጥላቸው ሥር ቡና ያለ ተካይ ይበቅላል፣ ወለሉ አካባቢ ኮረሪማ አለ፣ በቅርንጫፍ ላይ ጉሬዛ ይዘላል። ዓለም ከሚጠጣው ቡና ከግማሽ በላይ የሚሆነው የአረቢካ ዝርያ በተፈጥሮው የጥላ ተክል የሆነው ከዚህ ደን ሥር የተገኘ ስለሆነ ነው። ቀዩን ፍሬ ወፎችና ዝንጀሮዎች እየበሉ ዘሩን ራቅ አድርገው ይጥሉታል፣ ንቦች አበባውን ይጎበኙታል፣ የደኑ ሰው ደግሞ ቀፎውን ከዛፍ ላይ ሰቅሎ ማሩን ይቆርጣል። ከእነዚሁ ደጋማ ደኖች አካባቢ የሚነሳው ባሮ ወደ ነጭ ዓባይ፣ ጎጀብ ደግሞ ወደ ኦሞ ይፈስሳል። የብራዚል ለውዝን ሰንሰለት የተማረ ልጅ የቡናን ሰንሰለት ራሱ መሥራት ይችላል። ሩቁ ደን የቅርቡን እንዲያይ ካገዘው ጃጓሩም ትርፍ አይደለም።

የዚህ ትስስር ዋጋ በኢትዮጵያ ታሪክም ታይቷል። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገራችን ገብቶ ምርቱን ማውደም ሲጀምር፣ መፍትሔው ከውጭ አልመጣም። የጅማ ተመራማሪዎች በአካባቢው ከሚገኘው እጅግ ልዩ ልዩ ከሆነው የቡና ሀብት መካከል በሽታውን የሚቋቋሙትን ዛፎች ለይተው አባዙ። ያ ልዩ ልዩነት ለዘመናት ተጠብቆ የቆየው በደኑ ውስጥና በአርሶ አደሩ ጓሮ ነበር። ልጁ ይህን ሲሰማ ደን ማለት ዛሬ ጥቅሙን የማናውቀውን ነገር ጭምር የያዘ ጎተራ መሆኑ ይገባዋል። ቤት ውስጥ ቡና በሚፈላበት ሰዓት ወላጅ «ይህ ቡና እዚህ ስኒ ውስጥ እንዲገባ ማን ማን ደከመ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ልጁ ከገበሬው ተነስቶ እስከ ንቡና እስከ ዛፉ ጥላ ሊዘልቅ ይችላል። ይህ ጥያቄ መጽሐፍ አይፈልግም፤ የተማረ ወላጅም አይፈልግም።

ከደቡብ ምዕራብ የራቁ፣ ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ ያሉ፣ በአንድ ክፍል 60 ልጅ የሚያስተምሩ መምህራን ይህ ለእኛ አይሆንም ሊሉ ይችላሉ። ችግራቸው እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ያነሳናቸው ሙከራዎች ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም። የተቆረጠ ሃይላንድ የዝናብ መለኪያ ይሆናል፤ ልጆች በየጠዋቱ በማስመሪያ እየለኩ መዝግበው ከዝናብ ደኑ ጋር ያነጻጽሩታል። በሰሜኑ ደጋ አብዛኛው ደን ቢጠፋም በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ለዘመናት የተጠበቀ ነባር ደን አለ፤ ከአገልጋዮቹና ከሽማግሌዎቹ ፈቃድ ጠይቆ ልጆችን ወስዶ ከቅጥሩ ውስጥና ከቅጥሩ ውጪ ያለውን አፈር በእጃቸው እንዲነኩት ማድረግ ይቻላል። ውስጡ ቀዝቃዛ፣ እርጥብና ቅጠል የለበሰ፣ ውጪው የጋለና የተሰነጣጠቀ ሆኖ ያገኙታል። ያም ባይኖር በግቢው ያለ አንድ ዛፍ ይበቃል። 60ውን ልጅ በአሥር ቡድን ከፍሎ፣ አንዱ ቅጠሉን፣ ሌላው ጉንዳኑን፣ ሌላው ጥላውን፣ ሌላው የወፎቹን መምጣትና መሄድ እንዲከታተል አድርጎ፣ በመጨረሻ የየቡድኑን ግኝት በጥቁር ሰሌዳ ላይ በመስመር ማገናኘት ነው። በሰሌዳው ላይ መስመሮቹ ሲበዙ ትምህርቱ ግቡን መትቷል።

የፈተናው አቀራረብ ካልተለወጠ ግን ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው። ልጆች የሚያጠኑት የሚጠየቁትን ነው። «የዝናብ ደንን አራት እርከኖች ዘርዝሩ» ብለን ከጠየቅን ዝርዝር ይሸመድዳሉ። «ትልልቆቹ ንቦች ከአካባቢው ቢጠፉ ከ100 ዓመት በኋላ ደኑ ምን ይመስላል? ምክንያታችሁን ጻፉ» ብለን ከጠየቅን ግን ማሰብ ይጀምራሉ። የዚህ ጥያቄ መልስ አንድ ላይሆን ይችላል፤ ማረሙም ጊዜ ይወስዳል። ቢሆንም በወሰነ ትምህርቱ መጨረሻ እንዲህ ያለ አንድ ጥያቄ እንኳ ቢገባ መምህሩ ልጁ የተረዳውንና ያልተረዳውን በግልጽ ያያል።

አድማጮቻችን፣ የዝናብ ደን ትምህርት ለልጅ የሚሰጠው ስጦታ ከደኑም ያለፈ ነው። ነገ ስለ እርሻ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ገበያ ወይም ስለ አገር ጉዳይ ሲያስብ የሚያስፈልገው ያው ልማድ ነው፤ አንድን ነገር ከመንካቱ በፊት በምን እንደተደገፈና ምን እንደደገፈ መጠየቅ። ስለዚህ መምህራን፣ በሚቀጥለው ሳምንት ከዕቅዳችሁ አንድ የሚሸመደድ ዝርዝር አንሱና በቦታው አንድ «ባይኖርስ?» የሚል ጥያቄ አስገቡ። ወላጆችም ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የስንት እንስሳ ስም እንደያዘ ከመጠየቅ ይልቅ አንዱን ይዞ ከሌላው ጋር እንዲያገናኝላችሁ ጠይቁት፤ ሲመልስም ታግሣችሁ አዳምጡት።